የድልድዩ ዓይን

ድልድያችን ሦስት ደጋን ነበረው። አሁን አንድ ብቻ ነው። የቀረውን ማን ወሰደው ለሚለኝ መንገደኛ «ፈንጂ ነው» ብዬ አልፋለሁ፤ ከሥሩ ላስረዳ ብል ስናገር ውዬ ማደሬ ነው። ለእናንተ ግን እነግራችኋለሁ። አታውቁኝም፣ እኔም አላውቃችሁም፤ እያነበባችሁ ስትፈርዱብኝም ፊታችሁን አላየውም።

ባንችይርጋ ታፈረ እባላለሁ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። የኖራ አቃጣይ ልጅ ነኝ። በእኛ አገር ኖራ አቃጣይ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ልንገረው፦ ሠርግ ሲጠራ ከዳስ ውጭ ይቀመጣል፣ ሲጠጣ ለእሱ በተለየ ዋንጫ ይቀዳለታል፣ ሕፃን ከታመመ ደግሞ ሰው ሁሉ ዞሮ እሱን ያየዋል። አብዮቱ ሲመጣ ሁላችሁም እኩል ናችሁ ተባልን። ስብሰባ ላይ እኩል ነበርን፤ ማዕድ ላይ ግን እንደ ድሮአችን ቀጠልን። እኔ ከአብዮቱ ያተረፍኩት ነገር ቢኖር ፊደል ነው። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማንበብና መጻፍ ተማርኩ፤ አባቴም ምስክር ወረቀቴን በኖራ ግድግዳው ላይ ለጠፈው። አንዳንዴ ያን ፊደል ባልቆጠርኩ እላለሁ።

ከላሊበላ ወደ ኩልመስክ በሚወስደው የበቅሎ መንገድ ግማሽ ቀን ከተሄደ በኋላ ገደሉ ይጠብና ወንዙ ከሥር ሲጮህ ይሰማል። ድልድዩ እዚያ ነው። ቤታችንና እቶናችን በላሊበላ ወገን ባለው ዳር ናቸው። ማዶው የኩልመስክ ወገን ነው። በመካከለኛው ደጋን አናት ላይ መስቀል ተቀርጿል፤ ከመስቀሉ ሥር ያሠራው ደጃዝማች ስም አለ። የሠራው ግንበኛ ስም ግን የትም የለም። አባቴ ከዚያ ግንበኛ ሲቆጠር ሰባተኛ ትውልድ ነው፤ ይህ ነገር ዕድሜውን ሙሉ ሲያንገበግበው ኖሯል።

«ደጃዝማቹ አንድ ቀን በበቅሎ ተሻግሮበታል» ይል ነበር። «የሠራው ሰውዬ ዐሥራ አንድ ዓመት ውሃ ውስጥ ቆሟል። ስሙ ያለው ግን የማን ነው?»

ግንበኛው ሁለት ጊዜ ሠርቶ ሁለት ጊዜ ወንዙ ወስዶበታል። በሦስተኛው አንድ ዘዴ መጣለት። ከሁለቱ እግሮች በማዶ በኩል ባለው፣ ወገቡ ላይ፣ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባበት ባዶ ክፍት ተወ፤ ክፍቱ እግሩን ከላይኛው ጎን እስከ ታችኛው ጎን ይበሳዋል። በሁለቱም ጎን አፉን በጠፍጣፋ ድንጋይ ከደነው። ሌላው ግንብ ሁሉ በኖራ ሲያያዝ ያ ክዳን ብቻ በጭቃና በጤፍ ጭድ ተለሰነ። ክረምት ከብዶ ውሃው እስከዚያ ሲደርስ ጭቃው ይሟሟል፣ ክዳኑ ይወድቃል፣ ጎርፉ ድልድዩን መግፋቱን ትቶ በመሃሉ ያልፋል። ዓይኑ እንለዋለን። በየዓመቱ በግንቦት አባቴ መንገዱን በእሾህ ይዘጋና «ዛሬ ድልድዩ ይለሰናል» ብሎ ያውጃል። ሰው ኖራ ስንለስን ያያል። ጭቃውን የምንለስነው ሰው ሁሉ ለምሳ ሲበተን ነው። ከቤተሰቡ አንድ ልጅ ብቻ ይነገረዋል፤ ወንድም ስለሌለኝ ለእኔ ተነገረኝ።

«ይህን የሚያውቅ ሰው ድልድዩን በአንድ ቀን ይጥለዋል» አለኝ አባቴ የነገረኝ ዕለት። «ለባልሽም ቢሆን አትነግሪም።» ዐሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ባል የሚባል ነገር በሐሳቤም ስላልነበረ ቶሎ ማልኩ።

ሙሉሃብት የመጣው በ1980 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ነው። የመንገድ ቀያሽ ነው። ድልድዩን ለክቶ እንዴት እንደሚጠገን ጥናት እንዲጽፍ ከመሥሪያ ቤቱ ተልኮ ነበር። የኩልመስኩ የግራዝማች ከፋለ ልጅ መሆኑን አገሩ ሁሉ ያውቃል። የግራዝማች ከፋለን መሬት አብዮቱ ወስዶታል፤ ኩራታቸውን የሚረከብ ኮሚቴ ግን አልተገኘም። አባቴ እቶኑ ጋ ስለነበር ሙሉሃብት የሜትሩን ጫፍ የሚይዝለት ሰው አጣና እኔን ጠራኝ።

«እህቴ፣ ይችን ጫፍ ትይዥልኛለሽ?»

እጄን ነጠላዬ ሥር ደበቅኩት። የኖራ እጅ ያስታውቃል፤ ይነጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ቅቤም አይመልሰው።

«እጄ ቆሻሻ ነው» አልኩት።

«ሜትሩም አዲስ አይደለም» አለኝ።

ያዝኩለት። ሦስት ቀን ለካን። በሦስተኛው ቀን ውሃ ጠማውና ሳያመነታ የእኛን ቅል አንስቶ ጠጣ። የግራዝማች ልጅ በእኛ ቅል ሲጠጣ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። አፉን ሳይጠርግ ቅሉን መለሰልኝና አየኝ። እኔም አየሁት። ከዚያ ወዲያ ልኬቱ ተበላሸብን፤ የድልድዩ ርዝመት አንዴ ሠላሳ አራት ሜትር፣ አንዴ ሠላሳ ሰባት ይሆናል። «ይህ ድልድይ ያድጋል እንዴ?» ሲለኝ ሳቄ አመለጠኝ። ሰው ፊት ስስቅ እጄን አፌ ላይ የማድረግ ልማድ ነበረኝ፤ ያን ቀን ረሳሁት።

ከዚያ በኋላ በየምክንያቱ ይመጣ ጀመር። አንዴ የደጋኑን ቁመት ረሳሁ ይላል፣ አንዴ ድንጋዩን ልቁጠር ይላል። እሱ ከማዶ፣ እኔ ከወዲህ መጥተን መስቀሉ ላይ እንገናኛለን። ከመስቀሉ አልፎ ወደ እኛ ዳር ሲመጣ ሰው ያያል፤ እኔ ወደ ማዶ ባልፍ ደግሞ የአባቱ አገር ነው። አንድ ቀን ድንጋዩ ላይ ተቀምጠን ሳለ ያንን የተሰነጠቀ እጄን ያዘውና ወደ ቤታችን እያየ «አንድ ቀን ጠቅልዬ እሻገራለሁ» አለኝ።

«ተሻግረህስ? በተለየ ዋንጫ ልትጠጣ?»

«በአንድ ዋንጫ ከአንቺ ጋር።»

እንዲህ ያለ ነገር ከሰማሁ በኋላ ያን ሳምንት ኖራው ሁለት ጊዜ በእጄ ተበላሸ፤ አባቴም «ልጄ፣ አሞሻል?» አለኝ። አሞኝ ነበር። ደስታ እንደዚያ እንደሚያም አላውቅም ነበር።

መንገዱ ሲርቅበት ነገራችን በደብዳቤ ሆነ። ደብዳቤዎቻችንን የምታመላልሰው የቅመምና የጨው ነጋዴዋ ማሚቱ ናት። ጎረቤታችን ናት፤ በየሳምንቱ ለኩልመስክ ገበያ ትሻገራለች። ወረቀቶቹን ከአብሽ ከረጢቷ ውስጥ ስለምታስቀምጣቸው ዛሬም አብሽ ሲሸተኝ ልቤ ይደነግጣል።

«ወላሂ በስተርጅናዬ ፖስታ ቤት አደረጋችሁኝ!» ትላለች። «ደግሞ እኔ ፊደል የለኝ፣ ምን እንደተባባላችሁ እንኳ አልሰማ!»

«ስለ ድልድዩ ነው የሚጽፍልኝ፣ እማማ ማሚቱ።»

«አዎ፣ ድልድዩ ነው እንዲህ የሚያቀላሽ!»

በመጋቢት የመጣው ደብዳቤ ግን አላቀላኝም። ሙሉሃብት ሊያገባኝ እንደሚፈልግ ለአባቱ ነግሯቸው ኖሯል። ግራዝማች ከፋለ አልጮኹም፣ አልተቆጡምም፤ አንድ ነገር ብቻ ነው ያሉት። ሙሉሃብት ቃል በቃል ጻፈልኝ፦ «ስማቸው የት ተጽፎ ያውቃል? እኔ ስም ከሌለው ቤት ምራት አላስገባም።» ከዚያ በታች በእጁ ጽሕፈት «ቆይ ብቻ» የሚል አለ። ምን ሊያደርግ እንደሆነ አልገባኝም። ቅር ያለኝ ግራዝማች ያሉት ነገር ውሸት አለመሆኑ ነው።

በዚያው ወር ሌላ ደብዳቤ መጣ። ከክረምት በፊት ሲሚንቶ ሊመጣ ነው፤ ሁለቱም የድልድዩ እግሮች ዙሪያቸውን በሲሚንቶ ይለበጣሉ፤ አለቆቹ ወስነዋል፤ «ድልድያችሁ ሁለት መቶ ዓመት ይጨምራል» ይላል። ደስ ብሎት ነው የጻፈው። እኔ ግን ሁለቴ አነበብኩት። ሲሚንቶ ዓይኑን ከደፈነው የመጀመሪያው ኃይለኛ ነሐሴ ድልድዩን ከነእግሩ ይነቅለዋል። ለአባቴ ነገርኩት።

«ይምጣ» አለኝ። «እኔ ቀስ እያልኩ እፈለፍለዋለሁ።»

«ሲሚንቶ ነው እኮ፣ አባዬ። ኖራ አይደለም።»

«ዝም በዪ ብያለሁ። ለመንግሥት ሰው የድልድዩ ወገብ አይነገርም።»

ለመንግሥት ሰው አልነገርኩም። ለሙሉሃብት ነው የነገርኩት። እንዲህ ብዬ ራሴን አታለልኩ። ወረቀት ወስጄ እቶኑ ጀርባ ተቀመጥኩና ስለ ዓይኑ ሁሉንም ጻፍኩለት፦ የትኛው እግር እንደሆነ፣ የቱን ያህል እንደሚገባ፣ ለምን በጭቃ እንደሚለሰን። መጨረሻ ላይ «ይህን ከአባቴና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም፤ አሁን ሦስተኛው አንተ ነህ» አልኩት። በሕይወቴ ለሰው የሰጠሁት ትልቁ ነገር እሱ ነው። ከገላዬ ይበልጣል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ መልሱ መጣ። «ሲሚንቶው ቀርቷል! ንድፉን ሲያዩ ሁሉም ተስማሙ። ድልድዩ እንደነበረ፣ በኖራችሁና በጭቃችሁ ይቀጥላል። ሌላም ያደረግኩት ነገር አለ። እሱን ግን በቃሌ እንጂ በደብዳቤ አልነግርሽም።»

ቀለበት መሰለኝ። ሳቁብኝ ብትፈልጉ። ጣቴን በክር ለክቼ ለማሚቱ ልሰጣት ሁሉ አስቤ ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ ቀረበ፤ በቃሌ እነግርሻለሁ ያለው ሰው መምጣት አልቻለም። በ1981 ዓ.ም. መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ ቆየ፤ ከመጋቢት በኋላ ጭራሽ ተዘጋ። ማሚቱም ገበያዋ ቀረ። ስድስት ወር ሙሉ አንድ መስመር አልደረሰኝም። ረሳኝ ወይ ብዬ አስባለሁ፤ መልሼ ደግሞ ሞተ ወይ ብዬ አስባለሁ፤ እውነቱን ለመናገር አንዳንድ ቀን ከረሳኝስ ይሙት እላለሁ። ወዲያው ደግሞ ነአኩቶ ለአብ ገዳም ድረስ በእግሬ ሄጄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እንዲህ ሆኜ ነው ክረምቱን ያወጣሁት።

መስከረም 1982 ገባ። በላሊበላ በኩል የነበረው የመንግሥት ጦር ወደ ኩልመስክ ሲሸሽ ሦስት ቀን በድልድያችን ላይ አለፈ። በአራተኛው ቀን አንድ የመቶ አለቃ ከጥቂት ወታደሮች ጋር ወደ ኋላ ተመልሶ መጣና የሠፈሩን ሰው ዋርካው ሥር ሰበሰበ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነበር። እጁ ላይ ወረቀት ይዟል።

«ባንችይርጋ ታፈረ የምትባለው ማን ናት?»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ተነሣሁ።

የመቶ አለቃው ወረቀቱን ገለጠና ጮክ ብሎ አነበበ፦ «የድልድዩን ምስጢራዊ ክፍት ለዚህ መሥሪያ ቤት የገለጸችው፣ ድልድዩን ከገነባው ባለሙያ ስምንተኛ ትውልድ የሆነችው ወይዘሪት ባንችይርጋ ታፈረ ናት። ያለ እርሷ ይህ ጥናት አይሟላም ነበር። አዘጋጅ፣ ሙሉሃብት ከፋለ።»

ማኅተሙ ከሩቅ ይታያል። ክብ፣ ሰማያዊ።

«የሚያሳድደን ጦር እንዳይሻገር ድልድዩ መፍረሱ ነው» አለ የመቶ አለቃው። «ያለኝ ፈንጂ አንድ ሣጥን ነው፤ እዚህ ክፍት ውስጥ ከገባ ግን ይበቃል። ንድፉ ላይ ክዳኑ በየትኛው ድንጋይ እንደሆነ አልተለየም። አንቺ ታውቂዋለሽ፤ አሳዪኝ።»

በዚያ ዓመት ውሃው ዓይኑ ድረስ ሳይደርስ ነው ክረምቱ የወጣው፤ ክዳኑ በቦታው ነበር። ለማያውቅ ሰው ከሌላው ድንጋይ አይለይም። ከቆምኩበት አልተነቃነቅኩም። አንዱ ወታደር ክንዴን ያዘኝ። ያን ጊዜ አባቴ በትሩን ተደግፎ ተነሣ።

«ልጅቷን ልቀቃት» አለ። «እሷ የጻፈችው ከእኔ የሰማችውን ነው፤ ድንጋዩን አትለየውም። እኔ አሳይሃለሁ።»

ድልድዩ ላይ ሄደ። አጎንብሶ በትሩን ወደ ታች ዘረጋና ድንጋዩን ነካው። ሁለት ጊዜ ነካው። ሰባት ትውልድ የደበቀውን ነገር አባቴ በገዛ በትሩ ሲያሳይ አየሁ። ከዚያ ቀና ብሎ የመቶ አለቃውን «ገበያ የሄደው ሰው እስኪመለስ ነገ እስከ ቀትር ታገሰን» አለው። የመቶ አለቃውም እሺ አለ። አባቴ በአጠገቤ ሲያልፍ አላየኝም። ቢመታኝ ምንኛ በወደድኩ!

በማግሥቱ ከማለዳ ጀምሮ ሰው ይሻገራል። የማዶው ወደ ማዶ፣ የወዲሁ ወደ ወዲህ። ከዚያ ወዲያ የት ሆነህ እንደምትቀር የምትመርጥበት ቀን ነበር። አባቴ ቤት ገብቶ በሩን ዘግቷል፤ እኔ ድልድዩ ጫፍ ቆሜያለሁ። ሁለት ወታደሮች በገመድ ወርደው ክዳኑን ሲነቅሉ ጭቃችን እየተፈረፈረ ውሃው ላይ ይወድቃል። ግንቦት ላይ ያቦካሁት ጭቃ ነው።

ቀትር ሲቀርብ በማዶው ቁልቁለት ተጨማሪ ወታደሮች መጡ። ከመካከላቸው አንዱ ወታደር አልነበረም። በአረማመዱ አወቅኩት። ሙሉሃብት ነው፤ ትከሻው ላይ ጥቅል ተሸክሟል። ከእነሱ ጋር መጣ፣ ከእነሱ ጋር እያወራ፣ እነሱ የሚሸከሙትን ተሸክሞ! ስድስት ወር ሞተ ወይ እያልኩ ያሰብኩለት ሰው ሊያፈርስ መጣ ማለት ነው። ልቤ ያን ጊዜ እንደ እሳት ሆነ፤ ዓይኔ ግን አሁንም ከስቷል ወይ እያለ ያየዋል።

ማሚቱ፣ ጦሩ ሲያልፍ ተከትላ ለገበያ ተሻግራ ኖሮ፣ ከመጨረሻዎቹ ተሻጋሪዎች አንዷ ነበረች። እያለከለከች መጥታ ወረቀት እጄ ላይ ጣለች።

«ከሱ ነው። አሁኑኑ ታንብበው ብሏል። አሁኑኑ፣ ሆዴ!»

«የሱን ጽሕፈት ትናንት ሰምቼዋለሁ።»

«ኧረ በአላህ አንብቢው! ልጁ አልቅሶ ነው የሰጠኝ።»

መቀነቴ ውስጥ ወሸቅኩት። ማሚቱ ራሷን ይዛ ወደ ቤቷ አለፈች። ቀና ስል ሙሉሃብት ድልድዩ ላይ ወጥቷል። የመቶ አለቃው ከኋላው ጮኸ፦ «ቀያሹ! ከተሻገርክ መመለሻ የለህም! ቆርጠህ ግባ!» ሙሉሃብት ዞር ሳይል መጣ። መስቀሉ ጋ ሲደርስ እጄን አነሣሁ።

«አትሻገር!»

ቆመ። «ባንቺ! ደብዳቤው አልደረሰሽም?»

«ደርሶኛል! የመቶ አለቃው ሰው ሁሉ ፊት አንብቦልኛል! ስሜን ከነአባቴ ጽፈህ ሸጥከኝ!»

«ስምሽን የጻፍኩት ለምን እንደሆነ...»

«ለሹመት ነው! ለማኅተም ነው! ሦስተኛው አንተ ነህ አልኩህ እኮ! ስንተኛ አደረግከው? አባቴ በገዛ በትሩ አሳያቸው፤ ከትናንት ጀምሮ ቃል አልተነፈሰኝም። ይህን ድልድይ ከዚህ ወዲያ አትረግጠውም። ሂድ፣ ከመጣህባቸው ጋር ሂድ!»

«ባንቺዬ፣ ልሻገርና ግደዪኝ።»

«አንድ እርምጃ ብታልፍ እኔ ራሴን እጥላለሁ!»

የድልድዩ ጠርዝ ላይ ወጣሁ። አደርገው እንደሆነ አላውቅም። እሱ ግን አመነኝ። ጥቅሉን መስቀሉ ላይ አስቀመጠና ቆሞ አየኝ፤ ረጅም ጊዜ አየኝ። የመቶ አለቃው ፊሽካ ነፋ። ሙሉሃብት ጥቅሉን መልሶ ትከሻው ላይ አደረገና ተመለሰ። ሦስት ጊዜ ዞሮ አየኝ፤ ቆጥሬያለሁ። አራተኛ ቢዞር ሮጬ እሄድ ነበር። አልዞረም።

የፈንጂው ድምፅ ካሰብኩት አነሰ። የማዶው እግር ደክሞት እንደሚቀመጥ ሰው ቀስ ብሎ ተቀመጠ። የማዶው ደጋን አብሮት ሄደ። መካከለኛው ትንሽ ቆየ፤ ቆየና ከመስቀሉና ከደጃዝማቹ ስም ጋር ወረደ። ወንዙ ለአንድ አፍታ ቆሞ መልሶ ሄደ። ከዚያ ነጭ አቧራ ተነሥቶ ቤቱን፣ ዋርካውን፣ እኔን ሁሉ አለበሰን። ኖራ ነው። ከቅድመ አያቶቼ ጀምሮ የለሰንነው ኖራ ሁሉ በአንድ ቀን ተመለሰልን። አቧራው ሲጠራ ማዶው ባዶ ነበር፤ ሰዎቹ ከቁልቁለቱ በላይ ዞረው ጠፍተዋል። ውሃው ገና አንገት ያልፋል፤ መሻገሪያ የለም።

አባቴ ወጥቶ አጠገቤ ቆመ። ፀጉሩ ላይ ኖራ ነበር። የቀረውን ደጋን አየ፣ ከዚያ መቀነቴን አየ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ደብዳቤ።»

«የማን?»

ወደ ማዶ አየሁ። ገባው።

«አንብቢልኝ» አለ። «ስምሽን ያስጠራ ሰው ሌላ ምን እንደጻፈ ልስማው።»

አባቴ ፊደል አያውቅም። ወረቀቱን አወጣሁ፤ አብሽ አብሽ ይሸታል። እንዲህ ብዬ አነበብኩለት፦

«ባንቺዬ፣ ንድፌን ከመዝገብ ቤት ወስደውታል። እንዲመልሱልኝ ለምኜ ደጅ ጠንቼ አልሆነም። ዛሬ ከወታደሮቹ ጋር የመጣሁት ያለ እነሱ በመንገዱ ማለፍ ስለማይቻል ነው፤ ከእነሱ ጋር ስታዪኝ አትደንግጪ። ስምሽን በጥናቱ ላይ የጻፍኩት አባቴ ‹ስማቸው የት ተጽፎ ያውቃል› ስላለኝ ነው። ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ወስጄ አነበብኩለት። ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። ‹ከግንበኛው ስምንተኛ› የሚለውን በተለይ ደጋግሜ አነበብኩለት። ከዚያ ወረቀቱን አጣጥፎ ‹ጥራት፣ ቤቴ ትግባ› አለኝ። ባንቺዬ፣ አባቴ ጥራት አለ! ይህን ላበስርሽ ስድስት ወር መንገድ አጣሁ። ያ ወረቀት ድልድዩን እንደሚያስገድል አላሰብኩም፤ ይቅር በዪኝ የምልበት አፍ የለኝም። ድልድዩን ማዳን አልቻልኩም። ግን ሳይፈርስ ጠቅልዬ እሻገራለሁ። ሥራዬን ትቻለሁ። የያዝኩት ልብሴንና ሜትሬን ብቻ ነው። አባ ታፈረ ቢፈቅዱልኝ ኖራ ማቃጠል ያስተምሩኝ፤ ያፈረስኩትን በእጄ መልሼ እስክሠራ ከዚያ ዳር አልነሣም። ልትቆጪኝ እንደምትችይ አውቃለሁ፤ ልክ ነሽ። ብቻ መጀመሪያ ልሻገር፤ ከዚያ ተቆጪኝ።»

የመጨረሻውን መስመር እንዴት እንዳነበብኩት አላስታውስም። አባቴ ማዶውን ሲያይ ቆየ።

«ግራዝማች ጥራት አሉ?»

«አዎ።»

«ስማችንን ሰምተው?»

«አዎ፣ አባዬ።»

«ልጁስ ሜትሩን ይዞ ነበር?»

«ጥቅል ይዞ ነበር።»

«ታዲያ የት አለ?»

«መለስኩት» አልኩ። 

አባቴ ዞሮ አየኝ። ከትናንት ጀምሮ የመጀመሪያው ነው። ቁጣ ፊቱ ላይ ብፈልግ አጣሁ፤ እኔ የተዘጋጀሁት ለቁጣ ነበር።

«እኔ ድንጋዩን ያሳየኋቸው አንቺ እንድትተርፊልኝ ብዬ ነው» አለ። «ድልድይ ይሠራል ብዬ ነው። የሚሠራ ሰው ካለ ይሠራል። እሱ ደግሞ በእግሩ መጥቶልን ነበር።» ከዚያ ለማወቅ እንደሚፈልግ ሰው በቀስታ ጠየቀኝ፦

«ታዲያ ለምን መለስሽው?»

ለድልድዩ ያላለቀስኩትን ያን ጊዜ አለቀስኩ። አባቴም ዝም በዪ አላለኝም።